ጋሽ መዘውር በግድግዳ ውስጥ የሰሙት

የሚስቴን አባት ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መዘውር እያለ ነው የሚጠራቸው። ስሙ የወጣላቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ሳሉ ነው። አንድ ማሽን ሲያነክስ ከሩቅ ድምፁን ብቻ አዳምጠው «የታችኛው መዘውር ነው» ይሉና፣ ሲፈታ እውነትም እሱ ሆኖ ይገኝ ነበር አሉ። በዚያ አዳራሽ ማሽኖቹ ባንድነት ሲንኳኩ ሰው ከሰው የሚግባባው በእጅና በከንፈር ነው። አማቴ ራሷ በክር ክፍል ትሠራ ስለነበር፣ ለጋብቻ የተጠያየቁትም በእጅ ምልክት ነው ይባላል። «ምን ብሎ እንደጠየቀኝ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም» ትላለች፤ «ምናልባት ዘይት አቀብዪኝ ብሎኝ ይሆናል።»

ጋሽ መዘውር ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካው ሰውየውን መለሰልን፤ ጆሯቸውን ግን አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ጯሂ ሆነ። ሚስቴ «አባባ፣ ሻይ ላምጣልህ?» ብላ ስትጠይቅ ከላይ ፎቅ ያለ ጎረቤት «አምጪልኝ» ብሎ የመለሰበት ቀን አለ።

ታዲያ እኚህ ጆሮ የከዳቸው ሰው በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ነገር ሙዚቃ መስማት ነበር። የሳሎኑ አንድ ጥግ የእሳቸው ነው። እዚያ የሸክላ ማጫወቻ፣ ክብደቱ ሁለት ሰው የሚያሸክም አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ቁመታቸው ወገብ የሚደርስ ሁለት ስፒከሮች አሉ። የስፒከሮቹን ሳጥን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ጣውላውን ልገው፣ ውስጡን በፋብሪካ ቁርጥራጭ ጨርቅ ደልድለው። የኤሌክትሪኩንም መስመር ራሳቸው ናቸው ያስገቡት። በሕንፃችን ብዙው ሰው ሁለት እግር ያለው ስፒና ሶኬት ውስጥ ሰክቶ ይኖራል። አባባ ግን «ሦስተኛው እግር ለጌጥ አልተሠራም» ብለው፣ ትርፍ ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ ወደ መሬት የሚወስደውን የምድር ሽቦ ከሶኬቱ እስከ ሕንፃው ሥር ድረስ ስበው አስረውታል። ቴሌቪዥኑም ድምፁ በእነዚያው ስፒከሮች እንዲወጣ በገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተያይዟል።

ልጃቸውን ለማግባት ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ለመተዋወቅ ብዬ የሄድኩ ቀን፣ ወንበር አስይዘውኝ አንድ ሸክላ አጫወቱልኝ። ሙዚቃው ግሩም ነበር። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። እምምም የሚል፣ የማይወጣ የማይወርድ፣ ከግድግዳው ጀርባ ቀፎ የተሰቀለ የሚመስል ድምፅ። ሸክላው አልቆ መርፌው ሲነሳ እንኳ እሱ አላቆመም። አፌን ልከፍት ስል አማቴ ከበሩ ላይ ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በኋላ ወጥ ቤት ጠርታኝ «ስለ ንቧ ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ። «እሱ አይሰማትም። የልፋቱ ሁሉ ዋጋ ያ ጥግ ነው። ልጄን ከወሰድክ ንቧም አብራ ያንተ ዘመድ ናት።»

እንዲህ አድርገን ኖርን። እንግዳ ይመጣል፣ ንቧን ይሰማል፣ እኛን ያያል፣ እኛ ጣሪያ እናያለን። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ተረት እኛ ቤት ቃል በቃል ነበር የሚሠራው።

ሚስቴ አባቷን የመስሚያ መሣሪያ ለማስገዛት ስንት ጊዜ እንደለመነች እኔ ነኝ የማውቀው። እሳቸው «እኔ ምንም አልጎደለኝም፤ እናንተ ናችሁ የምታንሾካሹኩት» ይሉ ነበር። በመጨረሻ የተሸነፉት መንገድ ሲሻገሩ ከኋላቸው የመጣ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አጠገባቸው ደርሶ ከቆመ በኋላ ነው። ሾፌሩ ወርዶ አልተቆጣም፤ እጃቸውን ይዞ አሻገራቸው። እሱ ነው የከበዳቸው።

አብሬያቸው ሄድኩ። የጆሮ ባለሙያዋ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጆሯቸውን ለካች፣ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠውን መሣሪያ አጠለቀችላቸውና «አባቴ፣ አሁን እንዴት ነው?» አለች። አባባ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ቀስ አድርገው አሻሹ። እንደገና አሻሹ። «ጨርቅ ይሰማል» አሉ። «ስንት ዘመን ጨርቅ ስሠራ ኖሬ፣ ጨርቅ ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር።»

ልንወጣ ስንል ባለሙያዋ መሣሪያው ጎን ላይ ያለች ትንሽ ማብሪያ አሳየችን። «ይቺ ለስልክና የተለየ ሽቦ ለተዘረጋባቸው አዳራሾች ናት። ስትጫን መሣሪያው አየር ላይ ያለውን ድምፅ መስማት ትቶ፣ በሽቦ ውስጥ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ነው የሚያዳምጠው። ቤት ውስጥ ባይነኳት ይሻላል፤ ትጮሃለች።» አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልባቸው ግን ሱሪያቸው ላይ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ የሚሄዱት እንደ ሕፃን ነው። ደረጃው ላይ ቆመው የራሳቸውን እርምጃ አዳመጡ። ቁልፉ ሲዞር አዳመጡ። አማቴ በሩን ከፍታ «እንዴት ሆነልህ?» ስትላቸው ፊቷን እያዩ ቆሙና «ድምፅሽ ጎርነን ብሏል» አሏት።

«አርጅቼ ነዋ» አለች።

«አይ፣ ያምራል።»

አማቴ ዞር ብላ የሌለ አቧራ ጠረገች።

እኔና ሚስቴ ተያየን። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው። አባባ ወደ ጥጋቸው እያመሩ ነበር። አምፕሊፋየሩን አበሩ። ሸክላውን ከልባሱ አወጡ፣ በእጅጌያቸው ጠረጉት፣ ሊያስቀምጡት ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ምኑ?» አለች አማቴ።

«ይሄ እምምም የሚለው።»

አባባ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ አንዱ ስፒከር፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው አስጠጉ። «ዛሬ ነው የተበላሸው?»

ሚስቴ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

«ሁልጊዜ ማለት?»

«እኔ ልጅ ሳለሁም።»

ሸክላውን ወደ ልባሱ መለሱት። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ስንቱን ጠርተው፣ ስንቱን ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያዳምጥ እንዳደረጉ እያሰቡ ይሆናል። «እና አንዳችሁም አልነገራችሁኝም» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም።

«ምን ብለን?» አለች አማቴ። «ዝናብ ሲዘንብ ለሰማይ ይነገረዋል? አንተ ደስ ብሎህ ትቀመጣለህ፣ እኛም አንተን እያየን እንቀመጣለን። ንቧንም ለመድናት።»

«ስምም አውጥታችሁላታል?» አሉ አባባ፤ ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ተነስተው ከቁም ሳጥኑ ላይ የመሣሪያ ሳጥናቸውን አወረዱ።

ፍለጋው በዚህ ተጀመረ። ዘዴያቸው የፋብሪካው ነው፤ የታመመውን ለማግኘት ጤነኛውን አንድ በአንድ ማቆም። መጀመሪያ ማቀዝቀዣው ተነቀለ። ንቧ አለች። የሳሎኑ መብራት፣ የመኝታ ቤቱ መብራት፣ የአማቴ ራዲዮ፣ የእኔ ስልክ ሳይቀር ጠፋ። ንቧ አለች። ሁላችንም በቀን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን እሷን ስናዳምጥ አማቴ «ቢያንስ ቤተኛነቷን አስመሰከረች» አለች።

ቀጥለው ወደ ዕቃዎቹ ገቡ። የሸክላ ማጫወቻውን ገመድ ሲያወጡት ድምፁ ቀነስ አለ፤ አልጠፋም። ስፒከሮቹን አቀያየሩ፤ ያው ነው። ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቀሉት፤ ያው ነው። «እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ነፃ ነው» አሉ፤ «የተነቀለ ዕቃ ምን ያደርጋል?» ብለው ወደ ሌላው አለፉ። አምፕሊፋየሩን በካቻቢቴ ፈተው፣ ውስጡን በብሩሽ ጠርገው፣ የላሉትን ብሎኖች አጥብቀው ሲገጥሙት የቀኙ ስፒከር ጭራሽ ዝም አለ። ገመዱ ሳይሰካ ቀርቶ ነው። አማቴ ግን አላለፈችውም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች፣ ሻይ እያቀረበች።

ሰውየው በዚያ ሰሞን የሚያሳዝኑ ሆኑ። መስሚያውን ያደርጉና ቁጭ ብለው ንቧን ያዳምጣሉ። ሙዚቃ ጭራሽ ተዉ። አንድ ቀን ሚስቴ «አባባ፣ ድሮ ይሻልህ ነበር ይሆን?» ብላ ጠየቀቻቸው። «የለም» አሉ። «የማይሰማ ሰው የሚረካው በሐሰት ነው። ግን ከየት ነው የምትመጣው? ሁሉን ዘግቼባታለሁ እኮ።»

በሩን የከፈተላቸው ያላሰቡት ነገር ነው። አንድ ቀን ከቴሌቪዥኑ ኋላ የወደቀ ብሎን ፍለጋ ከመደርደሪያው ሥር አንገታቸውን አስገብተው ነበር። ሲወጡ ጆሯቸው ከጣውላው ጋር ተሻሸ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። እኔ «አባባ፣ ተመቱ እንዴ?» አልኳቸው። አፌን ያያሉ፤ አይሰሙም። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ልከው ሊያወልቁት ሲሉ ተዉት። ባለሙያዋ አትንኳት ያለቻት ማብሪያ ተጭናለች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በደንብ ነው የማስታውሰው። አባባ ጭንቅላታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። አንድ እርምጃ ሄዱ። ተመለሱ። ጆሯቸውን ሶኬቱ አጠገብ አደረጉና ቀስ እያሉ ወደ ላይ ቀና አሉ፤ በዓይን የማይታይ ነገር በጆሮ የሚከተሉ ይመስላሉ። ከሶኬቱ ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ መብራቱ ማብሪያ፣ ከማብሪያው ወደ ኮሪደሩ። እኔና አማቴ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልን። የቆጣሪው ሳጥን ፊት ሲደርሱ ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ማብሪያዋን መለሷትና «በግድግዳው ውስጥ ይሄዳል» አሉን። «መስመሩን ጠብቆ ነው የሚሄደው። የት እንደሚታጠፍ ይሰማል። ማቀዝቀዣው ሲነሳ ያኛው ግድግዳ ይወፍራል። ይሄን ቤት ግንበኛ እንኳ እንዲህ አያውቀውም።»

«ምን ይመስላል?» አልኳቸው።

ቃል ፈለጉ። «የሽመናውን አዳራሽ ከግቢው በር ላይ ሆነህ ስትሰማው» አሉ። «ሁሉም ማሽን አንድ ላይ፣ ከሩቅ።»

እንደገና ጫኗትና ወደ ሳሎን ተመለሱ። አሁን የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ማቀዝቀዣውን አስነቀሉኝ፣ መብራት አስጠፉኝ፤ ትእዛዙ ሁሉ በእጅ ነው፣ እኔ ባይገባኝ አማቴ ትተረጉምልኛለች። አምፕሊፋየሩን በዙሪያው አዳመጡት። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ አለፉ። ከሶኬት ከተነቀለ ቀናት ያለፈውን፣ እንደ ድንጋይ የተቀመጠውን ቴሌቪዥን። ጆሯቸውን ከኋላው አስጠጉና ክው ብለው ቀሩ።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሁለት ገመዶች ይወጣሉ። አንዱ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ሌላው በመስኮቱ በኩል ጣሪያ ላይ ወዳለው ዲሽ። አባባ አንዱን ተከተሉት፤ ሌላውን ተከተሉት። ከመስኮቱ እስከ አምፕሊፋየሩ ድረስ፣ በሞተ ዕቃ ውስጥ አልፎ፣ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው።

ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባውን ጫፍ ይዘው ሊነቅሉት በትንሹ ላላ አደረጉት። በጫፉና በቀዳዳው መካከል ሰማያዊ ብልጭታ፣ ከአሸዋ ፍሬ የማይበልጥ፣ ቦግ ብሎ ጠፋ። እኔም አየሁት። አባባ ቀስ ብለው መልሰው ገፉት፣ እጃቸውን አነሱ፣ ማብሪያዋን መለሱ።

«ንቀሉት እንጂ» አልኩ። «ንቧ እሷ አይደለች?»

«የያዘውን ሳታውቅ ገመድ አትቆርጥም» አሉ። «ይሄ ገመድ ከላይ የሆነ ነገር ይዟል።»

ወደ ጣሪያው ወጣን። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። የሕንፃው ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። አንድ ጎን የውሃ ታንከሩና ውሃ የሚገፋው ፓምፕ አለ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ሌላው ጫፍ ረጅም የብረት አጥር ተዘርግቷል፤ የእኛና የጎረቤቶች ዲሽ ሁሉ እሱ ላይ ነው የታሰረው፤ የልብስ ማስጫ ገመዶችም እንዲሁ። አማቴ «ለወሬ ከመጣሁ አይቀር» ብላ እርጥብ ልብስ በሳፋ ይዛ ተከትላናለች።

አባባ ማብሪያዋን ጫኑና ወደ አጥሩ ተጠጉ። ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ከማን ፊት እንደቆመ ድንገት የገባው ሰው ፊት ነው። በዚያው ቅጽበት አማቴ ሳፋውን አስቀምጣ፣ ሚዛኗን ለመጠበቅ እርጥብ እጇን ወደ ብረቱ ዘረጋች።

አባባ አልጮሁም። የራሳቸው ድምፅ በማይሰማቸው ሰዓት መጮህ ትዝ አይልም መሰለኝ። ሁለት ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው አጣመሩ። አማቴ ባለችበት እንደ ሐውልት ቀጥ አለች። በኋላ እንደነገረችኝ ይህ በፋብሪካው «ማሽን አቁም፣ ሰው ተይዟል» ማለት ነው። ወጣት ሆና ተምራው፣ እጇ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ታዘዘ።

የሕንፃውን ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ሁሉን ነገርነው። ፊውዝ ነው የሚሉት፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። የዚያን ቀን ግን አልተቃጠለም። የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተሩን አንዴ ብረቱ ላይ፣ አንዴ የፓምፑ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ላይ እያደረገ ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። ከዚያ ቱቦው ከአጥሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሽቦው ልባሱ ተበልቶ ራቁቱን እንደቀረ በካቻቢቴው አመለከተን። መሬት ላይ ደግሞ ወደ ሕንፃው ሥር መውረድ የነበረበት የፓምፑ የምድር ሽቦ ዝጎ ተበጥሶ ወድቋል።

«ጋሼ፣ ከታች ያለውን ገመድ ነቅለኸዋል?» አለ።

«አልነቀልኩም» አሉ አባባ።

ፊውዝ ቁጭ አለ፤ በዚያው ሲሚንቶው ላይ። «እንግዲህ ስማኝ» አለ። «ከፓምፑ ሽቦ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መውረድ ይፈልጋል። መንገዱ ተቆርጧል። ብረቱ ላይ ይወጣል። ብረቱ ላይ ያሉት ዲሾች ሁሉ ወደየቤቱ ይወርዳሉ፤ ግን የሰዉ ስፒና ሁለት እግር ነው፣ መውጫ የለውም። ሦስት እግር ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። በዲሽህ ገመድ ይወርዳል፣ በቴሌቪዥንህ ያልፋል፣ አምፕሊፋየርህ ውስጥ ይገባል፣ በሠራኸው ሽቦ መሬት ይገባል። ንብ የምትሉት እሱ ሲያልፍ ነው።»

አባባ ጎንበስ ብለው የተበጠሰውን ሽቦ አዩ።

«ገመዱን ብትነቅል» አለ ፊውዝ፣ ወደ ልብስ ማስጫው እያየ፣ «ቤትህ ጸጥ ይል ነበር። ይሄ ብረት ደግሞ እርጥብ እጅ ይጠብቅ ነበር።»

አማቴ እጇን በመቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች። «ዝናብ ሲሆን ብረቱ ጣቴን ይኮረኩረኝ ነበር» አለች። «ሪህ መስሎኝ ቅባት ስቀባ ከረምኩ።»

ፊውዝ ወደ ታች እንድንወርድና ስፒከሩ አጠገብ እንድንቆም ነገረን፤ እሱ የፓምፑን መስመር ከምንጩ ያጠፋዋል። ወረድን። ሚስቴ ከሥራ ገብታ ነበርና ነገሩን በጥድፊያ ነገርናት። አራታችንም በዚያ ጥግ ቆምን። ንቧ አለች፤ እንደ ወትሮዋ፣ ቀጥ ያለች፣ የማይደክማት። ማንም ምንም አልነካም።

ጠፋች።

ድምፅ ሲመጣ እንጂ ሲሄድ ሰው እንደሚደነግጥ አላውቅም ነበር። ሳሎኑ ድንገት የሰፋ መሰለኝ፤ ግድግዳዎቹ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያሉ። የግድግዳው ሰዓት ተሰማኝ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሳቅ ተሰማኝ። ሚስቴ በዚህ ቤት ተወልዳ ያደገች ናት፤ ክንዴን ጨብጣ «ቤታችን እንዲህ ነው እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። ሹክሹክታ በዚያ ቤት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ አባቷም ሰሟት። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እጄን በአፌ ጭኜ ቆምኩ። ያን ሁሉ ዘመን በእንግዳ ፊት ስናፍርባት የኖርናት ነገር፣ ከራሳችን በላይ ጣሪያው ላይ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ስትጠብቅ ኖራለች። ሰውየው ሳይሰሟት፣ ለሙዚቃ ብለው በጥንቃቄ ባሰሯት አንዲት ሽቦ።

ፊውዝ በማግስቱ ረዳት ይዞ መጣ። የተበላው ሽቦ ተለወጠ፣ ለፓምፑና ለብረቱ አዲስ የምድር ሽቦ እስከ ሕንፃው ሥር ወረደ፣ የእኛም የዲሽ ገመድ ለብቻው ተደረገ። ሥራው ሲያልቅ ጎረቤቶች በየተራ ወደ ጣሪያው እየወጡ ብረቱን በጣታቸው ጫፍ ይነኩ ነበር፤ እንደ ተገራ አውሬ። የላይኛው ጎረቤታችን፣ ያ ሻይ አምጪልኝ ያለው፣ ወደ ቤት ወርዶ የአባባን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አባባ አፍረው ወንበር ኋላ ሸሹት።

ሲመሽ አባባ አንድ ሸክላ መረጡ። ከትዳራቸው በፊት የገዙት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ዋሽንት የሚነፋበት። እኔም ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መርፌውን አስቀመጡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሸክላው ቀጭን ኮሽታ መጣ። ከዚያ፣ ዋሽንቱ ገና ሳይጀምር፣ ሰው ተነፈሰ።

አባባ ቀና አሉ። ተነስተው መርፌውን መለሱት። እንደገና ኮሽታው፣ እንደገና ትንፋሹ፤ አንድ ሰው ደረቱን ሞልቶ አየር ሲስብ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዜማ።

«ሰውየው እዚህ ነው» አሉ።

የዚያን ሰው ትንፋሽ ሁሉ ተከታተልነው። ከእያንዳንዱ ዜማ በፊት አለ፤ አጭር ለአጭሩ፣ ረጅም ለረጅሙ። መሃል ላይ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። አንድ ቦታ ትንፋሹ ሊያልቅበት ደርሶ ዜማውን እንደምንም ሲጨርስ ሚስቴ ሳታውቀው የራሷን ትንፋሽ ያዘች። አባባ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ እንደተዘረጉ፣ ዓይናቸው ሁለቱ ስፒከሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ እንደተተከለ፣ እስከ መጨረሻው አልተነቃነቁም። ሸክላው ካለቀ በኋላም የምትመጣ ንብ የለችም። ጸጥታው ብቻ መጣ፤ እሱንም አዳመጡት።

ከዚያ ወዲህ አባባ አዲስ ልማድ አመጡ። ለእግር ጉዞ ሲወጡ መንገድ ዳር ካለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ይቆማሉ፣ ማብሪያዋን ይጫናሉ፣ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አግኝቻቸው ምን እየሰሙ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ምድጃው ሲበራ እዚህ ይታወቃል» አሉ። «ሰው ሁሉ ከሥራ ሲገባ ደግሞ መስመሩ በሙሉ ይሞላል። ጎርፍ ከላይ ሲመጣ እንደምትሰማው ነው። ሁሉም የየራሱን አምፖል ነው ያበራው፤ እዚህ ሲደርስ ግን አንድ ነው።»

ይህን ሁሉ ሲያወሩ አማቴ ለተወሰነ ጊዜ «እሺ፣ እሺ» እያለች ታልፋቸው ነበር። አንድ ከሰዓት ግን ልብስ እያጠፈች ሳለ ድንገት እጇን ዘርግታ «እስቲ አምጣው» አለቻቸው። አባባ መስሚያውን ከጆሯቸው አውልቀው ማብሪያዋን ጫኑና አቀበሏት። ለእሷ ጆሮ አይሆንም፤ በእጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ አስደገፈችው። ቀልድ ልታወጣ አፏን አዘጋጅታ ነበር፤ አልወጣም። ወደ ግድግዳው ሄደች። ከግድግዳው ወደ መኝታ ቤቱ ገባች፤ በአልጋው ራስጌ በኩል እጇን ቀስ እያደረገች አሳለፈችው፣ መለሰችው፣ እንደገና አሳለፈችው። አባባ በሩ ላይ ቆመው ይመለከቷታል።

«እና እኛ ስንተኛ የኖርነው በዚህ ሁሉ መሃል ነው?» አለች።

መስሚያው በእሷ እጅ ስለሆነ አባባ አልሰሟትም። ከንፈሯን ግን አይተው ያውቁታል፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እሷም መሣሪያውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ መስኮቱ፣ ወደ ውጭው መስመር፣ ቀስ ብላ መሄድ ጀመረች፤ እሳቸው ክርኗን ደገፍ አድርገው ተከተሏት።